ስም ያልወጣለት ድንጋይ

ፕሮፌሰር ሾሂን ቡርሆኖቭ የሞተው ጣሪያ ሥር ነው፤ ጀርባው ላይ ግን በረዶ ነበር።

መርማሪ ሳቮሃት ራጃቦቫ መጀመሪያ ቆማ አየችው፤ ቀጥሎ የታመመ ጉልበቷን እየረገመች ተንበርክካ አየችው። ሟቹ ከትልቁ ቴሌስኮፕ አጠገብ፣ ከከፍተኛው የብረት መድረክ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቷል። በሥራ ሰዓት የሚለበሰውን ጥጥ የታጨቀበት ወፍራም ካፖርት ለብሷል። የኮከብ ምርምር ጣቢያው ጉልላት ጣሪያ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። እዚያ ቤት ውስጥ ምድጃ አይነድም፤ ሙቀት የከዋክብቱን ምስል ያበላሻል ተብሎ ክረምት ከበጋ እንደ ውጭው ይቀዘቅዛል። ስለዚህም በረዶው ሳይሟሟ እንደ ወረደ ቆይቷል።

«ባይደክሙ ይሻል ነበር፣ ጓድ መርማሪ» አላት የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሾኪር። ከሬሳው ይልቅ ያመለጠው ቁርስ ያሳሰበው ይመስላል። «ነገሩ እኮ አልቋል። የገደለው ዘበኛው ኮሚል ነው። ትናንት በድግሱ ላይ ለፕሮፌሰሩ የተደረበለትን የወርቅ ጥልፍ ካባ ከቤቱ አውጥቻለሁ።»

«ከየት? ከሣጥን?»

«ከአልጋ ላይ። ልጆቹ ለብሰውት ተኝተው ነበር።»

«ሰው ገድሎ የዘረፈውን ካባ የልጆቹ ብርድ ልብስ ያደርገዋል?»

«ደሃ ምን የማያደርገው አለ። እሱማ ፕሮፌሰሩ በበሩ ሲያልፍ አውልቆ ሰጠኝ ነው የሚለው። ‹በርዶሃል ኮሚል፣ እንካ› አለኝ ይላል። ማን ሞኝ ነው የወርቅ ካባ ለዘበኛ የሚሰጥ?»

«የጠጣ ሰው። ኮሚል አሁን የት ነው?»

«ታች ጣቢያ። ልጆቼ እያነጋገሩት ነው።»

ሳቮሃት የሾኪር ፖሊሶች ሰው እንዴት እንደሚያነጋግሩ ታውቃለች። በዚያ ጣቢያ ያልሠራውን ሳያምን የወጣ ሰው አልገጠማትም። ፕሮፌሰር የገደለ ዘበኛ ደግሞ ፍርዱ ጥይት ነው፤ ይግባኙም ወረቀት ከማባከን አያልፍም። ወደ ሬሳው ተመለሰች።

«ይኼ በረዶስ?»

«ከውጭ ይዞት የገባው ነዋ።»

«በረዶ ውስጥ የሄደ ሰው ቆቡና ትከሻው ላይ ነው የሚይዘው። የዚህ ሰው ወገቡና ባቱ ላይ ነው። በሉ አንሱት።»

ሁለት ፖሊሶች ሬሳውን አነሱት። ከሥሩ ወለሉ ደረቅ ነው። ዙሪያውን ግን ስስ የበረዶ ሽፋን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ መተላለፊያ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ቀና ስትል፣ ልክ ከዚያ በላይ የተዘጋው የጣሪያ መክፈቻ አለ። ከዚያ የመሰላሉን እጀታ ይዛ እያቃሰተች መድረኩ ላይ ወጣች። ዝቅ ካለው የብረት አጥር ሥር ከነክራቸው የተበጠሱ ሁለት የካፖርት ቁልፎች አገኘችና ኪሷ ከተተቻቸው። ለካፒቴኑ ምንም አልነገረችውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ከማይረሱ ሰዎች አንዷ ናት።

ከጉልላቱ ስትወጣ አንዲት ሴት መንገዷ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የዘበኛው ሚስት ሳኖባር ናት፤ የተቋሙን ምግብ የምታበስለውም እሷ ናት። እጇ ላይ የትናንቱ ድግስ ሽንኩርት ገና ይሸታል።

«አፓ» አለቻት፤ በእኛ አገር ታላቅ እህት የምትጠራው እንደዚያ ነው። «ባሌ ዶሮ ማረድ የማይችል ሰው ነው። በጉንም ትናንት ያረድኩት እኔ ነኝ፣ ይጠይቁ። ካባውን ይዞ ሲመጣ ‹መልስ፣ ይኼ ነገር መዘዝ አለው› ብዬው ነበር። ‹ልጆቹ አንድ ሌሊት ይሙቃቸው፣ ጧት እመልሳለሁ› አለኝ።»

«ካልገደለ ይወጣል።»

«እንዲያ ነው የሚሉት ሁሉም። አፓ፣ እኔን በዓይኔ እያዩ ይንገሩኝ።»

ሳቮሃት እንዲህ ያለ ቃል መስጠት እንደሌለባት በሥራዋ ዘመን ሁሉ ተምራለች። ሆኖም በዓይኗ እያየች «ይወጣል» አለቻት።

የትናንቱ ድግስ ለአንድ ድንጋይ ስም የተደገሰ ነበር። በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ንኡስ ፕላኔቶች አንዱ ‹ቡርሆኖቭ› ተብሎ ተመዝግቧል። ከዋና ከተማው በአውቶቡስ ሙሉ እንግዳ መጣ፤ የሩዝና የሥጋ ፓሎቭ ተሠራ፤ ካባ ተደረበ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ አፉ ትንሽ የሚያመልጠው ሰው፣ «እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው» ብሎ ፕሮፌሰሩን ራሱን አስቆታል። በዚህ ሙያ ድንጋይ ያገኘ ሰው በገዛ ስሙ ሊጠራው ነውር ነው፤ ስሙን ለሌላ ነው የሚሰጠው። ይህንን ድንጋይ ያገኘው ደግሞ ምክትሉ፣ ዶክተር ጉልሙሮድ ነበር። ተማሪ ለመምህሩ እንዲህ ያለ ውለታ ሲውል አየን ብለው ብዙ ሽማግሌዎች በድግሱ ላይ ዓይናቸውን ጠርገዋል።

እንግዶቹ አምሽተው በአውቶቡሳቸው ወደ ከተማ ወረዱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ፕሮፌሰሩ ለሥራ ወደ ጉልላቱ ወጣ። በኋላ ከምዕራብ ደመና መጣ፤ በረዶ ጣለ፤ መብራትም ጠፋ። ጧት ኮሚል ከበሩ ላይ ሆኖ ሬሳውን አየ። ግቢው ውስጥ ያደሩት ከዘበኛው ቤተሰብ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሳቮሃት ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ፣ የአረንጓዴ ሻይ ማንቆርቆሪያ ከፊቷ አድርጋ፣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባው የፕሮፌሰሩ ወጣት ረዳት ቱራብ ነው። ሁለቱም እጆቹ እስከ አንጓቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«አይጨብጡኝ» አለ። «የፓሎቩን ብረት ምጣድ በባዶ እጄ ላነሳ ስል ነው። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ፀሐይ ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ ያውቃል፣ ምጣድ ግን አያውቅም።»

«መቼ ነው የተቃጠልከው?»

«ገና እንግዶቹ ሳይበሉ። ራይሳ ፓቭሎቭና ናት ያሰረችልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳቃስት አድሬያለሁ።»

«ፕሮፌሰሩን ትወደው ነበር?»

«ኧረ! ሞስኮ ልማር ብለው ሦስቴ ‹ይኼ ልጅ ገና አልበሰለም› ብሎ የጻፈብኝን ሰው? ጠልቼዋለሁ። ሞተ ብዬም ገና አልተውኩትም፤ ጊዜ ይስጡኝ እንጂ።»

ሳቮሃት ሳትፈልግ ፈገግ አለች። «መብራት ሲጠፋ የጉልላቱ ጣሪያ በምን ይዘጋል?»

«በሰንሰለት። ረጅም ጉተታ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። በዚህ ብርድ ደግሞ ብረቱን በባዶ እጁ የያዘ ሰው ቆዳውን እዚያው ትቶ ነው የሚሄደው።»

«ኮሚል ይችልበታል?»

«ኮሚል? እግሩን እንኳ እዚያ ቤት አስገብቶ አያውቅም፣ ፕሮፌሰሩ አቧራ ያመጣል ብሎ ከልክሎታል። ቴሌስኮፑ መስታወት እንዳለው፣ መስታወቱም ክዳን እንዳለው በምን ያውቃል?»

«መስታወቱ ዛሬ ተከድኗል?»

«ጧት ሮጠን ስንገባ አይቼዋለሁ፣ ጥንቅቅ ብሎ...» አለና አፉን ያዘ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «አፓ፣ ታዲያ ማን ከደነው?»

«ሂድ እረፍ» አለችው። «ለማንም አትናገር።»

ሁለተኛዋ ራይሳ ፓቭሎቭና ናት፤ ሩሲያዊት ናት፣ ግን ከእኛ ጋር ሸብታለች። በከዘራ እየተደገፈች ገባች፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የመድረኩን መሰላል አትወጣም። በፎቶ ላይ የተነሱትን ድንጋዮች ቦታ የምትለካው እሷ ናት።

«ትናንት ፕሮፌሰሩ ምን ሊሠራ ነበር የወጣው?» አለቻት ሳቮሃት።

«ሌላኛውን ሊያነሳ። ስም ያልወጣለት አንድ ድንጋይ አለን፣ ራሱ ፕሮፌሰሩ ያገኘው። ጥቂት ሌሊት ብቻ ነው ያየነው። መንገዱን በትክክል ለማስላት አንድ ፎቶ ይጎድለናል፤ አንድ ብቻ። ሰሞኑን ካልተነሳ ወደ ፀሐይ ብርሃን ይገባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠፋ። የት እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። በጥጥ ማሳ ውስጥ የወደቀ የወተት ጥርስ ፈልጊ እንደማለት ነው፣ ልጄ። ትናንት ስንት ሳምንት ከቆየ ደመና በኋላ የመጣች የመጀመሪያዋ ጥሩ ሌሊት ነበረች። የምሽቱ ሥራ ያ ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።»

«አንስቶታል?»

«እንጃ። የብርጭቆው ፊልም ገና ቴሌስኮፑ ላይ ነው። ካፒቴኑ ምንም ነገር አትንኩ ብሎናል።»

ሳቮሃት አንድ ፖሊስ ልካ ፊልሙን ከነመያዣው አስመጣች። ራይሳ ተቀብላ ስታገላብጠው ፊቷ ተለወጠ። «ክዳኑ ተዘግቷል» አለች ቀስ ብላ። «ብርሃን እንዳያበላሸው ሰው ዘግቶታል።»

«ሄደው ይጠቡት። ብቻዎን ይሁኑ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ይቆማል።»

በዚህ መካከል ካፒቴን ሾኪር ከዘበኛው ጎጆ ስልክ ደውሎ ተመለሰ። ቆቡን በእጁ ይዟል። «ጓድ መርማሪ» አላት ከበሩ ላይ፣ «እኔ እኮ ነገሩ አልቋል ነው የምልዎት። አሁን እንኳ ከጣቢያ...»

«ካፒቴን፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አይ፣ ለማለት የፈለግኩት...»

«ሲያልቅ እኔ እነግርዎታለሁ!» አለች። ካፒቴኑ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ።

ዶክተር ጉልሙሮድ ሲገባ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀመጠ። ሽበቱ በሥርዓት የተበጠረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሻይ ቀዳችለት። እጀታ የሌለውን ሲኒ ከአፉ ጫፍ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ፈጥኖ አስቀመጠው።

«ይከፈታል ይላሉ?» አላት።

«ምኑ?»

«ሰማዩ። ደመናው እየሳሳ ነው። ዛሬ ማታ ከጠራ ጉልላቱን ለትንሽ ጊዜ ቢፈቅዱልኝ... ሬሳውም ተነሥቷል።»

«መምህርዎ ዛሬ ሞቶ ዛሬ ሥራ?»

«ሰማይ ለቅሶ አያውቅም።»

«እንዴት የሞተ ይመስልዎታል?»

ጉልሙሮድ ዓይኑን ከደመናው ሳይነቅል መለሰ። «ኡስቶዴ፣ መምህሬ ነበር፤ ፊደል ካስቆጠረኝ አባቴ ቀጥሎ። ግን ሰው በሰማይ ስሙን ማየት ከጀመረ እግሩ የት እንደሚረግጥ አያይም። ትናንትም ራሱን ፎቶ ሲያነሳ ነው የሞተው።»

«ኮሚል ገደለው ይላሉ።»

«ኮሚል ይለቀቃል» አለ ቶሎ ብሎ። «ምንም አላደረገም። አንድ ሁለት ቀን ይዘው ይለቁታል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሳቮሃት ሻዩን ደፍታ ትኩስ ቀዳችለት። አልነካውም።

«ልጆች አሉዎት፣ ጉልሙሮድ አካ?» አለችው፤ ታላቅ ወንድም እንደሚጠራው።

«ነበረኝ። ሲያቩሽ። ወታደር ሆኖ ከወንዙ ማዶ ተላከ፣ አፍጋኒስታን። በብየዳ የታሸገ የቆርቆሮ ሣጥን ነው የመለሱልኝ። አትክፈቱ አሉን። መቃብሩ ላይ የት እንደሞተ መጻፍም ክልክል ነው አሉን። እናቱ እሱ መሆኑን ሳታረጋግጥ ሞተች።» ይህን ሲናገር እንኳ ደመናውን ነበር የሚያየው።

ሳቮሃት ሌላ አልጠየቀችውም። ያ ሰው አሳዝኗታል። ሲያሳዝናት ደግሞ ጣቶቹን እያየች ነበር።

ወደ ማምሻው ራይሳ የታጠበውን ፊልም በጨርቅ ይዛ መጣች። ሳቮሃት ጠጋ ብላ አየችው፤ ቀጥሎ ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ግድግዳው ላይ የትናንቱ ድግስ ጨርቅ፣ የፕሮፌሰሩ ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ እንደተሰቀለ ነው። ጉልሙሮድ መስኮቱ አጠገብ፣ ቱራብና ራይሳ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ካፒቴኑ በሩ ላይ ሆኑ። ሳኖባር ከወጥ ቤቱ ወጥታ ጥግ ያዘች፤ ማንም ውጪ አላላትም።

«አላስረዝምም» አለች ሳቮሃት ቆማ። «ሟቹ ጀርባው ላይ በረዶ ነበር። ከሥሩ ግን ወለሉ ደረቅ ነው። እንግዲህ በረዶው ሲጀምር ሰውየው ወድቋል፣ ጣሪያው ደግሞ ክፍት ነበር። ጧት ጣሪያው ዝግ ነው። ሬሳ ተነሥቶ ጣሪያ አይዘጋም።»

«ንፋስ...» አለ ካፒቴኑ።

«ንፋስ ሰንሰለት አይጎትትም፣ ካፒቴን። ሁለተኛ፣ መድረኩ ላይ እነዚህን ቁልፎች አገኘሁ። አንድ ሰው ካፖርቱን ጨምድዶ ይዞታል። ስለዚህ ብቻውን አልወደቀም። ሦስተኛውን ነገር ስታስቡት እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሰው የገደለ ሰው ምን ያደርጋል? ይሸሻል። ይኼኛው ግን አልሸሸም። በረዶ ሲጀምር በጨለማ ሰንሰለቱን ጎትቶ ጣሪያውን ዘጋ። መሰላሉን ወጥቶ መስታወቱን ከደነ። የፊልሙን መያዣ ዘጋ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሬሳውን እየተራመደ ነው። ከሞተው ሰው ይልቅ በረዶ እንዳይነካው የሚሳሳለት ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ነበር።»

«በረዶ የነካው መስታወት አይድንም» አለ ጉልሙሮድ ለራሱ እንደሚናገር።

ራይሳ ቀና ብላ አየችው።

«ልክ ነዎት» አለች ሳቮሃት። «ይህን ኮሚል አያውቅም። የምታውቁት ሦስታችሁ ናችሁ። ራይሳ ፓቭሎቭና መሰላሉን አትወጣም። ቱራብ በዚያ እጁ ሰንሰለት አይደለም የጫማውን ክር አይጎትትም። ዶክተር ጉልሙሮድ ደግሞ ዛሬ የቀዳሁልዎትን ሻይ በሁለት ጣት ጫፍ ነው የያዙት። ጓንት ሳያደርግ ወደ ጉልላቱ የሄደ ሰው ለሥራ አልሄደም፣ ለጠብ ነው የሄደው። መዳፍዎን ያሳዩኝ፣ አካ።»

ጉልሙሮድ አላንገራገረም። ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጣቸው። ቆዳው ከመዳፉ ላይ በሰንሰለት ቅርጽ ተገሽልጧል። ራይሳ «አምላኬ» አለችና ፊቷን አዞረች።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ሳቮሃት። «ፕሮፌሰሩ ትናንት ስም የሌለውን ድንጋይ ሊያነሳ እንደወጣ ነው ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ቅድም እርስዎ ግን ‹ራሱን ፎቶ ሲያነሳ ሞተ› አሉኝ። ፊልሙ ያኔ ገና አልታጠበም ነበር። ራይሳ፣ ፊልሙ ላይ ያለው የትኛው ነው?»

«ቡርሆኖቭ» አለች ራይሳ። «የራሱ ድንጋይ። ሌላኛው በሌላ የሰማይ ጫፍ ነው።»

«በዓይንዎ አይተውታል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ደግሞ ከእርስዎ አፍ ልስማ።»

የጉልሙሮድ እጆች እንደተገለበጡ ቀሩ። ሲናገር ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር።

«ያገኘሁትን ድንጋይ ለሲያቩሽ ልሰጠው ነበር። ኡስቶድ ‹ያንተን ልመና በላይ ያሉት ሹሞች አይሰሙም፣ በዚያ ጦርነት የሞተ ልጅ ስም ማን ያጸድቅልሃል? አንተ ያንተን ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ የእኔን ለልጅህ እሰጣለሁ፤ እኔን እምቢ የሚለኝ የለም› አለኝ። ሰጠሁት። የእሱ ድንጋይ ስም እንዲወጣለት ያቺ አንድ ፎቶ ትቀር ነበር። በስንት ጊዜ ሰማይ ጠራ። ማታ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሳይ ጉልላቱ የዞረው ወደ ሌላ በኩል ነው። ሮጥኩ።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«የራሱን ድንጋይ ፎቶ ያነሳ ነበር፣ ለእንግዶቹ መታሰቢያ የሚልከውን። እየሳቀ ነው ያገኘሁት። ‹ኡስቶድ፣ ደመና እየመጣ ነው፣ እባክዎ ያዙሩት፣ ልጄን ያንሱልኝ› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ልጅህ ድንጋይ ነው፣ የት ይሄዳል? ነገ እናነሳዋለን› አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን... ካፖርቱን መያዜን አውቃለሁ። መልቀቄን አላውቅም። ስወርድ ሞቷል። ቀና ስል ኮከብ የለም። በረዶ ፊቴ ላይ ወረደ፣ እጄ በራሱ ወደ ሰንሰለቱ ሄደ።»

«ጧት ኮሚልን ሲወስዱት አይተዋል።»

«አይቻለሁ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«አንዲት የጠራች ሌሊት ብቻ!» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። «አንዲት ፎቶ አንስቼ በእግሬ ወርጄ እጄን ልሰጥ ነበር። ኮሚል አንድ ቀን ቢታሰር ምን ይሆናል ብዬ... አንድ ቀን ነው። እኔ ልጄን ለዘላለም ነው የማጣው።»

ሳቮሃት ወደ በሩ ዞረች። «ካፒቴን፣ ይደውሉና ኮሚልን ያስለቅቁት። አሁኑኑ።»

ካፒቴን ሾኪር አልተንቀሳቀሰም። ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

«አልሰሙኝም?»

«ከቀትር ጀምሮ ልነግርዎት ነበር እኮ» አለ ወለሉን እያየ። «አያስጨርሱኝም። ጧት ትንሽ ጠንከር አድርገው አነጋገሩት... ፈረመ። ከፈረመ በኋላ ለብቻው ተዉት። የወገቡን መቀነት አልፈቱበትም ነበር።»

ማንም ወዲያው አልገባውም፤ ወይም ሁሉም እንዳልገባው መሆን ፈለገ። መጀመሪያ የገባት ሳኖባር ናት። አልጮኸችም። ከጥጉ ወጥታ እስከ ጠረጴዛው መጣች፤ ሳቮሃትን አይታ ወደ ጉልሙሮድ ዞረች።

«እርስዎ» አለችው፣ «ልጅዎ በቆርቆሮ ሣጥን ሲመጣ ሣጥኑን ከእርስዎ ጋር የተሸከመውን ሰው ነው የገደሉት።»

ጉልሙሮድ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሳቮሃት የሆነ ነገር ልትል አሰበች። ከቀትር ጀምሮ፣ ሲያልቅ እኔ እነግርዎታለሁ ብላ ካፒቴኑን ካባረረችው ጀምሮ፣ ይህች ሴት ባሏ በሕይወት ያለ መስሏት ድንች ስትልጥ ነበር። ሰምታው ቢሆን ኖሮ ኮሚልን አታድነውም፤ ይህን ታውቃለች። ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማትም።

ሲወጡ ደመናው ከምዕራብ በኩል ተቀዷል። የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች ታዩ፤ ቀስ እያለ ሰማዩ ሁሉ እንደ ታጠበ ጠራ። ቱራብ ሮጦ ከኋላቸው ደረሰ።

«ጉልሙሮድ አካ፣ ተከፈተ! ራይሳ መሬት ሆና ትነግረኛለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ። አንድ ፎቶ አይደል? አፓ ትንሽ ይጠብቁናል።» ሳቮሃትን አየት አደረጋት። እሷ እሺም እምቢም አላለችም።

ጉልሙሮድ አንገቱን አቅንቶ ወደ ሰማይ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ድንጋዩ በየትኛው በኩል እንዳለ ከእነሱ ሁሉ ይበልጥ እሱ ያውቃል።

«ተወው» አለ። «የኮሚል ነፍስ በተከፈለበት ፎቶ ላይ የልጄን ስም አልጽፍም።»

«ይጠፋል እኮ!»

«ይጥፋ።»

ወደ ወረዳው የሚወርድ መኪና አንድ ብቻ ነበር። ካፒቴኑ መሪውን ያዘ፤ ሳቮሃት ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት ከፊት ተቀመጠች። ከኋላ ጉልሙሮድ እጆቹን ጭኑ ላይ ገልብጦ፣ አጠገቡ ሳኖባር ልጆቿን ለራይሳ ትታ፣ ለመገነዣ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ታቅፋ ተሳፈሩ። መንገዱ ጠማማ ስለሆነ በየመጠምዘዣው ትከሻቸው ይነካካል።

ድልድዩን ሲሻገሩ ሳኖባር ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«አፓ» አለች፣ «ሬሳውን ዛሬ ይሰጡኛል ወይስ ነገ ተመለሺ ይሉኛል?»

ሳቮሃት ካፒቴኑን አየችው፤ ካፒቴኑ መንገዱን አየ።